ካርቶን ወይስ ሻንጣ፣ ማር ወይስ ሽሮ? ከባሕር ዳር ወደ ውጭ አገር ስንቅ ይዞ ለሚበር

ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛኑ አጠገብ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። አንዲት እናት ወለሉ ላይ ተንበርክከው የልጃቸውን ሻንጣ ይከፍታሉ። ሚዛኑ 27 ብሏል። ጃኬቱ ይወጣል፤ ልጁ በዚያ ሙቀት ይለብሰዋል። ወፍራሙ ጫማ ወጥቶ እግሩ ላይ ይገባል፣ ሸበጡ በቦታው ይተካል። አሁንም 25 ነው። ልጁ እጁን ወደ በርበሬው ሲሰድ እናቱ ይይዙታል፦ «መጽሐፍ እዚያም አይጠፋም፤ በርበሬዬን አትንካብኝ!»

በዚህ ክርክር እኔ ከእናቲቱ ጎን ነኝ። ግን በርበሬው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ በምን እንደታሸገና ወዴት አገር እንደሚሄድ ከጠየቅሁ በኋላ ነው። ወንድሜ ጀርመን፣ እህቴ አሜሪካ ስለሚኖሩ ራሴም ተጉዣለሁ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የሌላ ሰው ሻንጣ አስሬያለሁ። ለሁለቱ የማስረው ሻንጣ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ያወቅሁት ግን ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ስንቅ ከቤት እስከ መድረሻ በሁለት ዓይነት ዓይን ይታያል። አንዱ የበረራ ደኅንነት ፈታሽ ነው፤ እሱ የሚፈልገው የሚፈነዳ፣ የሚቃጠልና የሚወጋ ነገር ነው። ሌላው መድረሻው አገር የሚጠብቀው የጉምሩክና የኳራንቲን ሠራተኛ ነው፤ የእሱ ፍርሃት የከብት በሽታና የተክል ተባይ ነው። ቅቤ ለመጀመሪያው ዓይን ምንም አይደለም፤ ለሁለተኛው፣ በተለይ አውሮፓ ላይ፣ ጥፋተኛ ነው። ፓወር ባንክ ደግሞ ጉምሩኩ ዞር ብሎ አያየውም፣ ፈታሹ ግን ከሚጫነው ሻንጣ ያስወጣዋል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «አውሮፕላኑ ላይ ያስገቡታል?» ብሎ ነው። ያስገቡታል። ጥያቄው እዚያ ሲደርስ ያስወጡታል ወይ ነው።

ኪሎው

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዓለም አቀፍ በረራ ለኢኮኖሚ መንገደኛ የተለመደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎችና 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ነው። ርካሽ ቲኬት ወይም የተለየ መዳረሻ ሲሆን ሊቀንስ ስለሚችል ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ማመን ነው። ሻንጣው ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳያልፍ ይጠበቃል። አንድ ነጠላ ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ ከሆነ አብዛኛው አየር መንገድ ትርፍ ኪሎ እከፍላለሁ ቢሉትም አይቀበልም፤ የሚያነሳው የሰው ወገብ ነውና።

ከባሕር ዳር ለሚነሳ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለ። የአገር ውስጡና የውጭው በረራ በአንድ ቲኬት ከተቆረጠ የውጭው ኪሎ ከባሕር ዳር ጀምሮ ይሠራል። ለየብቻ ከተቆረጠ ግን እስከ ቦሌ ያለው በአገር ውስጥ ሕግ ይመዘናል፤ እሱ ደግሞ ያንሳል። አንድ ሰዓት ገደማ ለሚፈጅ በረራ የሚከፈለው ትርፍ ኪሎ ያንገበግባል። ቲኬቱን የሚቆርጥልዎ ልጅ «ለየብቻ ይረክሳል» ካለዎት የሻንጣውንም ሒሳብ ይደምሩለት። በሁለቱም መንገድ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን መለያ አይተው እስከ መጨረሻው እንደሚሄድ ወይም ቦሌ ላይ ተቀብለው እንደገና እንደሚያስገቡት እዚያው ይጠይቁ።

ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ ሰፈር ውስጥ ወፍጮ ቤት አለ። እኔ 22 ላይ አቆማለሁ። የወፍጮ ቤቱና የአውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን ተስማምተው አያውቁም፤ የምትቀረው አንዲት ኪሎ የሰላም ዋጋ ናት።

ካርቶን፣ ጠንካራ ሻንጣ ወይስ የጨርቅ ሻንጣ?

ትልቅ ጠንካራ ሻንጣ ባዶውን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ካርቶን አንድ ኪሎ አይሞላም። ልዩነቱ ሦስት አራት ኪሎ ሽሮ ነው፤ ካርቶን የሚወድ ሰው ሞኝ አይደለም። የካርቶን ጠላቱ ውኃ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ዕቃው ተራውን ጠብቆ ሜዳ ላይ ይቆማል፣ የካርቶኑ ቂጥ ይርሳል፣ ከዚያ ቦሌ ላይ ሲያነሱት ከታች ይለቃል። ስለዚህ ክረምት ከሆነ ካርቶን አልመክርም። በጋ ከሆነና ይዘቱ ደረቅ ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ንብርብር ያለው ካርቶን ማዕዘኑ ሁሉ በሰፊ ፕላስተር ተጠቅልሎ ጥሩ ነው። በገመድ አለመጥለፍ ይሻላል፤ የተንጠለጠለ ገመድ ማመላለሻው ላይ ይያዛል።

የእኔ ምርጫ ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ሦስት ኪሎ የሚመዝነው የጨርቅ ሻንጣ ነው፤ ውስጡ በወፍራም ላስቲክ ተለብጦ። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሰፋ ዘመድ አለኝ፤ ደርሶለታል። እኔ ግን አልደፍርም።

ወደ አሜሪካ ከሆነ ከባድ ቁልፍ አያድርጉ። እዚያ ፈታሽ ሻንጣውን ባለቤቱ በሌለበት ይከፍታል፤ ቁልፉ እነሱ የሚከፍቱት ዓይነት ካልሆነ ይቆርጡታል። የፕላስቲክ ማሰሪያ ይበቃል። ሻንጣ ተጎድቶ ከደረሰም አቤቱታ በጽሑፍ የሚቀርበው በ7 ቀን ውስጥ ነው። የዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት እንዲህ ይላል፤ ይኸው ስምምነት ግን ጉዳቱ ከራሱ ከዕቃው ጉድለት ወይም ጠባይ የመጣ ከሆነ አየር መንገዱ አይጠየቅም ይላል። በአማርኛ ሲነገር፦ በደንብ ያልተከደነ ማር ልብስዎን ካበላሸ ዕዳው የራስዎ ነው።

ማር

ማር ላይ ረዘም አድርጌ እቆማለሁ፤ ከሰው ሁሉ የሚያጣላኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱ። አንድ ሊትር ማር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ነው። «ሦስት ሃይላንድ ብቻ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሃይላንዱ ባለ ሁለት ሊትር ከሆነ ከ8 ኪሎ በላይ ተሸክሟል። ከዚያ የእጅ ሻንጣው። ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ ፈሳሽ ነገር በእጅ ሲያዝ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ መሆን አለበት፤ ማር፣ ቅቤና አዋዜ ደግሞ በዚህ ሕግ ፈሳሽ ናቸው። «የረጋ ነው፣ አይፈስም» ብሎ መከራከር አይጠቅምም። የረጋ ነጭ ማር በጠርሙስ ይዘው ፈታሹ ፊት ሲገለብጡት የነበሩ አንድ አባት አይቻለሁ፤ አልፈሰሰም፣ ግን አላለፈም። ስለዚህ ማር የሚሄደው በሚጫነው ሻንጣ ነው።

እዚያም ቢሆን የፈታሽ ዓይን ይስባል። ኤክስሬይ ምግብንና ፈንጂን ሁለቱንም በአንድ ቀለም፣ ብርቱካናማ አድርጎ ያሳያል፤ ማር ደግሞ እፍግ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ በምትገኘው ቤከርስፊልድ ከተማ አንድ መንገደኛ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የያዘው ማር በምርመራ መሣሪያ ላይ ፈንጂ መስሎ ስለታየ አውሮፕላን ማረፊያው ለሰዓታት ተዘግቶ ነበር። ማሩ ማር ነበር። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ማር በመጠጥ ጠርሙስ አለመያዝ ነው። ሰፊ አፍ ያለው፣ ማር ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ሲከፈት ጥያቄው ያጥራል።

ዕቃው ምን ይሁን? የጠርሙስ ብልቃጥ ንጹሕ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ሻንጣ ደግሞ ይወረወራል። ጣሳ ጥሩ ነው፤ ከፋብሪካ ካልተዘጋ ግን ክዳኑ አያስተማምንም። ሃይላንድ ቀጭን ነው፣ ሲጨመቅ ክዳኑ ሥር ያልባል። ወፍራም ፕላስቲክ፣ ሰፊ አፍ፣ ጥርሱ የሚዞር ክዳን ያለውን እመርጣለሁ። ሞልተው፣ ጠበቅ አድርገው ዘግተው፣ አንድ ሌሊት ሰሐን ላይ ገልብጠው ያሳድሩት። ጠዋት ሰሐኑ ደረቅ ከሆነ ክዳኑን በፕላስተር ዙሩት፣ በሁለት ፌስታል አስረው ልብስ መሐል ያስገቡት።

ሰው «አየሩ አፈነዳው» ሲል እሰማለሁ። እኛ ጋ ይህ እምብዛም አይሆንም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተኛው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር፣ ሰው ያለበትም ሻንጣ ያለበትም፣ ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ሆኖ ነው የሚያዘው። ባሕር ዳር የተከደነ ዕቃ ስለዚህ ሰማይ ላይ ትንሽ ብቻ ይነፋል። ዋሽንግተን ሲወርድ ይልቅ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል፣ የባሕር ጠረፍ አየር ከእኛው ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚከብድ። የሚፈነዳው በተቃራኒው ከእነሱ አገር ወደኛ የሚመጣው ሻምፖና ሎሽን ነው። የእኛ ማር ከፈሰሰ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ይህን የምለው አንድ ጊዜ የራሴ ማር ፈስሶ ሙሉ ሻንጣ ካጠብሁ በኋላ ነው፤ ክዳኑን ያጠበቅሁት እኔው ነበርሁ።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለግል ምግብነት የሚገባው ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ነው። ወደ አሜሪካ በጥቅሉ ይገባል፤ ግን መነገር አለበት። ስለ መናገር ወደ ታች እመለሳለሁ።

ቅቤ

ጀርመንም ይሁን ጣልያን ወይም እንግሊዝ፣ ከኛ አገር የሚሄድ መንገደኛ ወተትና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ለጋም ይሁን ንጥር፣ ቅቤ ቅቤ ነው። ሰው ያሳለፈው አለ፤ አለመያዝና መፈቀድ ግን ይለያያሉ። የተያዘበት ሰው ደግሞ አንድ ዓመት የተጠራቀመ የጎጃም ቅቤ ዓይኑ እያየ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ቆሞ ይመለከታል። ለወንድሜ ቅቤ ልኬ አላውቅም። የምልክለት የቅቤውን ቅመም ነው፦ ኮሰረት፣ ኮሮሪማ፣ እርድ፣ አብሽ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ሁሉም ደርቆ፣ ለየብቻ ታሽጎ። የጀርመን ቅቤ ገዝቶ ያነጥርበታል። እናቴ መጀመሪያ ስቃበት ነበር። ሄዳ ከቀመሰች በኋላ ግን «ቅቤ የሚያደርገው ለካ ኮሰረቱ ነው» ብላ ተመለሰች። አንድ ኪሎ የማይሞላ ቅመም ብዙ ኪሎ ቅቤ ያወጣል፤ ከኪሎ አንጻርም ቢሆን ተወዳዳሪ የለውም።

አሜሪካ ቅቤ ይዞ የሚገባ ሰው ተናግሮ ለሠራተኛው ያሳያል፤ ውሳኔው እዚያ ነው። ለመንገዱ ሙቀት ደግሞ ንጥሩ ከለጋው ይሻላል፣ ውኃው ስለወጣለት ቶሎ አይኮመጥጥም። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ግን ሁለቱም ዘይት ይሆናሉ፤ የማሩን የሰሐን ፈተና ለቅቤም ያድርጉ።

ቡና፣ ጥሬ ወይስ የተቆላ?

የዘጌ ቡና ለሚወስድ ሰው ጥያቄው ይህ ነው። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። ስለዚህ 2 ኪሎ የተቆላ ቡና 2 ኪሎ ከ400 ግራም ጥሬ ማለት ነው፤ ለኪሎ የሚሳሳ ሰው የተቆላውን ይያዝ። በጉምሩክም በኩል የተቆላ ያለቀለት ምግብ ስለሆነ ጥያቄ ያንሰዋል። ጥሬው ደግሞ ወራት ይቆያል፤ የተቆላው ግን በሳምንታት ውስጥ ሽታው ይከዳል። እንዲያውም ከፈጩት በቀናት ነው፤ ፍሬውን እንዳለ ይያዙት።

እህቴ ጥሬውን ነው የምትፈልገው፤ ቡና ያለ መቁላቱ ምኑ ቡና ነው ትላለች። እውነቷን ነው። አንድ ቀን ግን የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ጎረቤት ሁሉ ደረጃ ላይ ወጥቷል። መስኮት የሌለው ማእድ ቤት ላለው ሰው የተቆላውን። ብዛቱን በተመለከተ ቡና ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ስለሆነ መንገደኛ በጆንያ ይዞ እንዲወጣ አይፈቀድም፤ ለቤት የሚበቃ ይያዙ።

በርበሬና ሽሮ

የስንቅ ሁሉ አውራ እነዚህ ናቸው፤ ደግነቱም በሁለቱም ዓይን ሲታዩ ንጹሖች ናቸው። ደረቅ፣ የተፈጨ፣ ሥጋ የሌለበት፣ ወተት የሌለበት። የሚያስቸግሩት በእጅ ሲያዙ ነው። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 2018 ጀምሮ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፤ ምንነቱ ካልታወቀ ይቀራል። 350 ሚሊ ሊትር አንድ የለስላሳ ጣሳ ያህል ናት። ይጫኑት።

አስተሻሸጉ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ አምስት ኪሎውን በአንድ ወፍራም ፌስታል አስሮ በጋዜጣ ይጠቀልላል። ሌላው ገበያ መሐል ማሽን ካላቸው ሱቆች አየሩን አስመጥጦ፣ አንድ አንድ ኪሎ አድርጎ፣ ስሙን ለጥፎ ያሳሽጋል። ሁለተኛው ጥቂት ብር ያስወጣል። ፈታሽ ቢቀድ አንዱን ኪሎ ነው የሚቀድ፣ አራቱ ይተርፋሉ፤ ደግሞም ስም የሌለው ቀይ ዱቄት በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲገኝ እኔም ፈታሽ ብሆን እከፍተው ነበር። ስሙ በእንግሊዝኛም ይጻፍ። ማሳሸግ ካልተቻለ ሁለት ፌስታል፣ አፉ በሻማ የተለበለበ።

ሽሮ በርበሬ ውስጡ ስላለ ምጥኑን ሽሮ በብዛት፣ በርበሬውን በልክ መያዝ ያዋጣል። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጣል፤ ከዚያ በርበሬው ዓመት ሙሉ ይቀመጥና ቀለሙ ይነጣል።

ቋንጣ፣ ዓሣ፣ አረቄ

የሥጋ ቋንጣ አውሮፓም አሜሪካም አይገባም። በዚህ ምርጫ የለም። የሐይቁ ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው፦ አውሮፓ ኅብረት ለግል ምግብነት የሚገባን ዓሣ ከሥጋ ለይቶ ያያል፤ ሆድ ዕቃው የወጣ ወይም የደረቀ ዓሣ እስከ 20 ኪሎ ይፈቅዳል። የጣና ዓሣ ደርቆ ሱዳን ድረስ ሲሻገር የኖረ ነው። የደረቀ አምባዛ የሚወድ ወንድም ያለው ሰው ቋንጣውን ትቶ እሱን ይያዝ፤ ሽታውን ግን አስቀድሜ እነግራችኋለሁ፣ አብሮት የታሰረ ልብስ ለወራት ይናገራል።

አረቄ ላይ ሕጉ ግልጽ ነው። ከ24 በመቶ በላይ እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለበት መጠጥ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይጫናል፤ ግን በሱቅ እሽጉ መሆን አለበት። በጀሪካን ወይም በሃይላንድ የተቀዳ ዳግም አረቄ ምን ያህል እንደሚጠነክር የሚናገር ወረቀት የለውም፣ ስለዚህ በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም።

የአዳኝ ሻንጣና የዳንኪራ ዝናር

ቦሌ ላይ አንድ ጊዜ ከፈረንጅ አዳኝ ኋላ ተሰልፌ ነበር። በፈቃድ የደጋ አጋዘን ሊያድን የመጣ ነበር፣ አሁን እየተመለሰ ነው። ጠመንጃው በአንድ የተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ ወረቀቱ በእጁ። ሠራተኛዋ ከእኔ ቀድማ እሱን ጨረሰች፤ እኔ የሽሮ ካርቶን ይዤ ቆየሁ። ነገሩ ገርሞኝ ኋላ ሕጉን አነበብሁት። አዳኝ ለራሱ የሚሆን ጥይት እስከ 5 ኪሎ፣ የማሸጊያውን ክብደት ጨምሮ፣ በሚጫን ሻንጣ ብቻ፣ በጠንካራ ሣጥን፣ አየር መንገዱ አስቀድሞ ፈቅዶለት ይወስዳል። ሁለት አዳኞች የየራሳቸውን 5 ኪሎ አንድ ሣጥን ውስጥ ደምረው 10 ማድረግ አይችሉም። የሚፈነዳና የሚያቃጥል ጥይት ጭራሽ አይታሰብም። ከዚህ በላይ ደግሞ መነሻው፣ መድረሻውና በመሐል የሚያርፍበት አገር ሁሉ የየራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ይህን ያነሳሁት ከኛ ሰው ማንም ጥይት ጭኖ ሊያድን ይበራል ብዬ አይደለም። ዝናር ግን ይዞ ይበራል። እዚያ ያሉ ልጆች ለሠርግና ለባህል ጭፈራ ዝናርና ዱላ ይላክልን ይላሉ። ዝናሩ ላይ የተደረደረው ባዶ ቀለህ ነው፤ ባሩድ የለውም፣ እኛ እናውቃለን። ኤክስሬይ ላይ ግን ባዶው ከሙሉው ላይለይ ይችላል፤ ፈታሹ የሚያየው በረድፍ የተሰካ ጥይት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ቆዳውን ባዶውን ይውሰዱ፣ ቀለሁን እዚህ ይተዉት፤ ለጭፈራው የተቀባ እንጨት ይበቃል። ዱላው በእጅ አይያዝም፣ ይጫናል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካሉኝ ዱላውን።

በዚሁ ስለ አሮጌ ዕቃ። ከጣና ደሴቶች አካባቢ የተገዛ ብራናና መስቀል፣ አዲስ ቢሆንም፣ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ቢወጣ ይሻላል፤ የቅርስ አዋጁ 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ማውጣትን ይከለክላል፣ ፈታሹም አዲሱን ከአሮጌው በዓይኑ አይለይም።

ፓወር ባንክ በእጅ ብቻ። ባለ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓቱ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከ100 ዋት ሰዓቱ ገደብ በታች ነው፣ ያልፋል።

አደራ

«ለእህቴ ልጅ ናት፣ ትንሽ ጥቅል» ሲባል እምቢ ማለት ከባድ ነው። እምቢ አልልም፤ ግን እከፍታለሁ። የጥቅሉ ባለቤት ፊት ከፍቼ፣ አይቼ፣ ራሴ መልሼ አስራለሁ። የተቆጡ አሉ። ጫት እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ክልክል ነው፤ አሜሪካና ሳዑዲም እንደዚሁ። በባሕር ዳር ዙሪያ በየማሳው የሚበቅል ነገር እዚያ ሲደርስ እስር ቤት ያስገባል። መለያው የተለጠፈው በእርስዎ ስም ነው፤ «አደራ ነው» የሚለውን ጉምሩኩ አይሰማም።

መናገር

አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ከማሸጉ ሁሉ ይህ ይበልጣል። የያዙትን ምግብ ሁሉ መናገር ግዴታ ነው። ተናግረው የማይገባ ከሆነ ዕቃው ብቻ ይወሰዳል፣ እርስዎ ይሄዳሉ። ሳይናገሩ ከተገኘ ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ሻንጣው የሚታየውም አሜሪካ መጀመሪያ በሚያርፉበት ከተማ ነው፤ ጉዞዎ ወደ ሌላ ከተማ ቢቀጥልም እዚያ ተቀብለው፣ አሳይተው፣ እንደገና ያስገቡታል። እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናት ከሆኑ የዕቃውን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ጽፎ ሁለት ቅጂ ማድረግ፣ አንዱን በእጃቸው፣ አንዱን ሻንጣው ክዳን ውስጥ። እናቴ ወረቀቷን ለሠራተኛው ሰጥታ ዝም አለች። አንብቦ «ኮፊ?» አላት፣ «ኮፊ» አለችው፣ አለፈች።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ፣ ሚዛኑ ላይ ወደተውነው። ጀርመን የሚሄድ ቢሆን አንዱን ሻንጣ እንዲህ አስርለት ነበር፦ የጨርቅ ሻንጣው 3 ኪሎ፣ ምጥን ሽሮ 6፣ በርበሬ 4፣ የተቆላ ቡና 2፣ በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ 2፣ የቅቤ ቅመም 1፣ አንድ ሊትር ማር ከነዕቃው 1 ኪሎ ከ600። ድምሩ 19 ኪሎ ከ600 ግራም ነው። እስከ 22 ድረስ 2 ኪሎ ከ400 ይቀራል፤ መጽሐፉ ይገባል።